ውዳቂው ብረት እንዴት ቅርስ ሆነ?

ጠዋት በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ሰው የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። የተበሳ ድስት፣ የተሰበረ አልጋ፣ የዛገ የመስኮት ብረት ከየጓዳው ወጥቶ በሚዛን ወይም በዓይን ግምት ይሸጣል። ሻጩም ሆነ ገዢው ስለ ዕቃው ዕድሜና ስለ ሠሪው ማንነት አይነጋገሩም። ብረት ብረት ነው፤ ዋጋውም ክብደቱ ነው።

ባለፈው የትምህርት ዓመት ለተማሪዎቼ ስለ እንግሊዝ የኢንዱስትሪ አብዮት ሳስተምር አንድ ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። በሎንዶን ከተማ በአንድ የጥንት ዕቃ መደብር ግቢ ውስጥ የተደረደሩ የብረት አጥሮች፣ የሰገነት መከታዎች፣ የመብራት ዓምዶችና ጠመዝማዛ ደረጃዎች ይታዩበታል። ሁሉም ከፈረሱ ቤቶች የተነቀሉ ናቸው፤ በየአንዳንዳቸውም ላይ ዋጋ ተለጥፎባቸዋል። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፤ ይህ ቆራሌው የሚሰበስበው ዓይነት ብረት አይደለም እንዴ? እዚያ አገር ሰው ለምን በውድ ይገዛዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዳሩ ግን አጥጋቢ መልስ ወዲያው አልመጣልኝም። ደወሉ ተደውሎ አዳነኝ።

የሆነ ሆኖ ጥያቄው ከቤተ መጻሕፍት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲያመላልሰኝ ሰነበተ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው።

ብረት እንደ ሰም የፈሰሰበት ዘመን

ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን የገዙት ከ1837 እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ጌጠኛ የብረት ሥራ አብዛኛው የተሠራው በርሳቸው ዘመን ስለሆነ «ቪክቶሪያዊ» እየተባለ ይጠራል።

የነገሩ ሥር ግን ከርሳቸው በጣም ቀደም ይላል። በጥንት ጊዜ የብረት ማዕድን የሚቀልጠው በእንጨት ከሰል ነበር። ለዚህም ደን መጨፍጨፍ ስለሚያስፈልግ ብረት ውድ ነበር። በ1709 ዓ.ም. አብርሃም ዳርቢ የተባለ ሰው ኮልብሩክዴል በምትባል ሸለቆ ውስጥ የድንጋይ ከሰልን አስቀድሞ በማክሰል ኮክ የሚባለውን ነዳጅ አዘጋጀና በርሱ ማዕድኑን ማቅለጥ ቻለ። ከዚህ በኋላ ብረት እየረከሰ ሄደ። የልጅ ልጁ፣ ሦስተኛው አብርሃም ዳርቢ፣ በ1779 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ በሰቨርን ወንዝ ላይ 30 ሜትር ያህል የሚሻገር የብረት ድልድይ አቆመ። በዓለም የመጀመሪያው ትልቅ የብረት ድልድይ ይኸው ነው፤ ዛሬም እግረኞች ይመላለሱበታል።

የአሠራሩ ዘዴ እንዲህ ነበር። የተፈለገው ቅርጽ በመጀመሪያ ከእንጨት ይቀረጻል። ይህ የእንጨት ምሳሌ ጥቂት እርጥበት ባለው አሸዋ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ተጭኖ ሲወጣ አሸዋው ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ከዚያም የቀለጠው ብረት ይፈስበታል፤ ሲቀዘቅዝ አሸዋው ይራገፋል። ከአንድ የእንጨት ምሳሌ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ አንድ ዓይነት ዕቃዎች ይወጣሉ። ስለዚህ ቀድሞ አንድ አንጥረኛ ለመስፍን ግቢ ወራት ፈጅቶ ይቀጠቅጠው የነበረው ቅጠልና አበባ አሁን ለጸሓፊውም፣ ለባለ ሱቁም፣ ለጡረተኛውም ደጃፍ ደረሰ። የዚህ ብረት ታሪክ የነገሥታት ታሪክ ሳይሆን የመካከለኛው ሰው ታሪክ መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ንግዱም እንደ አሠራሩ ፈጣን ነበር። በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ የነበረው የዋልተር ማክፋርሌን ኩባንያ፣ «ሳራሰን ፋውንድሪ» በሚባለው የብረት ማቅለጫው የሚያወጣቸውን ቅርጾች በትላልቅ መጻሕፍት አሳትሞ በየአገሩ ይልክ ነበር። ገዢው መጽሐፉን ገልጦ የሚፈልገውን የአጥር ጫፍ፣ የዓምድ ራስ፣ የውሃ ፏፏቴ ወይም ሙሉ የሙዚቃ ሰገነት በቁጥሩ ያዝዛል፤ ብረቱም ተቆራርጦ በመርከብ ይላክለትና በቦታው በብሎን ይገጣጠማል። ከግላስጎው የወጣ ብረት በሕንድ፣ በደቡብ አፍሪቃ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አሜሪካ ከተሞች ቆሟል።

የዘመኑ ከፍተኛ ማሳያ በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን በሃይድ ፓርክ የተከፈተው ታላቁ ኤግዚቢሽን ነበር። የአትክልት ሠራተኛ የነበረው ጆሴፍ ፓክስተን በብረትና በመስታወት የነደፈው «ክሪስታል ፓላስ» ርዝመቱ ከ560 ሜትር በላይ ነበር፤ ሆኖም ሥራው ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ተፈጸመ። 6 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ ገብቶ አየው። ቤቱ ከጊዜ በኋላ ተነቅሎ ሲደናም በሚባል ሰፈር እንደገና ከተተከለ በኋላ በ1936 ዓ.ም. በእሳት ወደመ። ለዚያ ኤግዚቢሽን የኮልብሩክዴል ኩባንያ ሠርቶ ያቀረባቸው ጌጠኛ የብረት በሮች ግን ተርፈው ዛሬም በሃይድ ፓርክና በኬንሲንግተን የአትክልት ቦታ መካከል ቆመው ይታያሉ።

ሁለት ስም የሚያስፈልገው አንድ ብረት

እኛ «ብረት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ለሰብሳቢው ሁለት ነው። አንደኛው በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰው፣ ሁለተኛው በመዶሻ የተቀጠቀጠው ነው።

የፈሰሰው ብረት ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ የሚሆን ካርቦን አለበት። በዚህ ምክንያት በቀላሉ ይቀልጣል፤ እያንዳንዱን የቅጠል ጅማት ይቀዳል፤ ከባድ ሸክምም ይችላል። ነገር ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። ከከፍታ ቢወድቅ ወይም በመዶሻ ቢመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይጎብጥም። የተቀጠቀጠው ብረት ካርቦኑ እጅግ ጥቂት ሲሆን ውስጡ እንደ ሥጋ ጅማት ክር ክር አለው። ይጎብጣል፣ ይጠመዘዛል፣ በእሳት ግሎ እርስ በርሱ ይዋሃዳል። የአገራችን ባለ እጅ በወናፍ አግሎ ማረሻ የሚያወጣው በዚሁ በመቀጥቀጥ ዘዴ ነው። በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ኮርት በ1784 ዓ.ም. ባወጣው የአሠራር ዘዴ ይህ ዓይነት ብረት በብዛት ይመረት ጀመር፤ ኋላ ግን ርካሹ ስቲል ተክቶት በ1970ዎቹ የመጨረሻው ፋብሪካ ተዘጋ። ስለዚህ ጥንታዊውን የተቀጠቀጠ ብረት ለመጠገን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አሮጌ ብረት መፈለግ አለበት። ከአሮጌ ብረት ውድነት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

በአንድ አጥር ላይ ሁለቱም ዓይነት አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ቀጥ ያለው ዘንግ የተቀጠቀጠ፣ ጫፉ ላይ ያለው የጦር ወይም የአበባ ቅርጽ የፈሰሰ ሆኖ ይገኛል።

ጦርነት የበላው አጥር

የቪክቶሪያ ዘመን ካለፈ በኋላ የመጣው ትውልድ የአያቶቹን ጌጥ ናቀ። «የበዛ፣ የተጨናነቀ፣ አቧራ የሚሰበስብ» እያለ አፌዘበት። በዚህ ላይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት ሕዝቡ ለጦር መሣሪያ የሚሆን ብረት እንዲያዋጣ ጠየቀ፤ ከ1941 ዓ.ም. ወዲህም የየቤቱና የየመናፈሻው አጥር በትእዛዝ ይቆረጥ ጀመር። በጣም ጥንታዊ ናቸው ወይም ልዩ የጥበብ ዋጋ አላቸው የተባሉት እንዲተዉ ቢታዘዝም፣ የቪክቶሪያ ዘመን አጥር ያን ጊዜ ጥንታዊ ተብሎ አይቆጠርም ነበርና ከሁሉ ይልቅ እርሱ ተጨፈጨፈ። በእንግሊዝ ከተሞች በአጫጭር የድንጋይ ግንቦች አናት ላይ እንደ ተቆረጠ ጥርስ ብቅ ያሉ የብረት ጉቶዎች ዛሬም ይታያሉ። የዚያ ቁርጫ ምልክት ናቸው።

ይህ ታሪክ አንድ አስገራሚ ጅራት አለው። በዚያው ጦርነት ጊዜ ከአውሮፕላን ቦምብ ለሚቆስሉ ሰዎች ብዙ የብረት ቃሬዛዎች ተሠርተው ነበር። መርዝ ጋዝ ቢነካቸው በቀላሉ እንዲታጠቡ ተብሎ የተሠሩት ከብረት ቱቦና ከሽቦ መረብ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ቃሬዛ የሚፈልግ ጠፋ፤ አጥር የሚፈልግ ግን ሞልቶ ነበር። ስለዚህ በደቡብ ሎንዶን በሚገኙ የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ዙሪያ ቃሬዛዎቹ በጎናቸው ተገትረው አጥር ሆኑ። ከመሬት ከፍ እንዲሉ የተበጀላቸው ጉብጠት እስካሁን በግልጽ ይታወቃል። በአንድ ከተማ ውስጥ አጥሩ ለጦርነት ሄደ፤ የጦርነቱ ቃሬዛም አጥር ሆኖ ተመለሰ። አሁን ደግሞ እነዚህን ቃሬዛዎች ከዝገት ለማዳን የሚደክሙ ሰዎች ተነሥተዋል።

የፊርማ ዋጋ

ከጦርነቱ የተረፈውን ደግሞ ሰላም ገጠመው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እንግሊዞች መንገዳቸውን ሊያሰፉ፣ አዳዲስ ፎቆችን ሊሠሩ ተነሡ። በመንግሥት ቢሮ የምትሠራ አንባቢ ሆይ፤ እባክህ ይህን ክፍል በጥሞና አንብበው። የሚቀጥሉትን ሕንፃዎች ያፈረሳቸው ቦምብ አይደለም፤ በጠረጴዛ ላይ የቀረበ ወረቀትና የተፈረመ ፊርማ ነው።

በሎንዶን ወደብ አጠገብ የድንጋይ ከሰል ነጋዴዎች የሚገናኙበት «ኮል ኤክስቼንጅ» የተባለ ሕንፃ ነበር። ጄምስ ባንስተን ባኒንግ የነደፈው ሲሆን በ1849 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱት የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት ናቸው። ከውጭ ሲያዩት የድንጋይ ቤት ነው፤ ከውስጥ ግን በብረት ዓምዶችና በብረት ሰገነቶች የተከበበ፣ ከላይ በመስታወት ጉልላት የተሸፈነ ክብ አዳራሽ ነበር። ክሪስታል ፓላስ ገና ሳይታሰብ የተሠራ የብረት ጥበብ ነው። መንገድ ይስፋ በተባለ ጊዜ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመው የቪክቶሪያ ዘመን ቅርስ ማኅበር ብዙ ተከራከረለት። ሆኖም በ1962 ዓ.ም. ፈረሰ። ጋሻ ይዘው በሕንፃው ላይ የቆሙት ሁለት ትልልቅ የብረት ዘንዶዎች ብቻ ተረፉ። በ1963 ዓ.ም. በቴምዝ ወንዝ ዳር የከተማው ወሰን ምልክት ሆነው ተተከሉ። ሰው ወደዳቸው፤ ስለዚህ በቁመት ግማሽ የሚያህሉ ቅጂዎች ተሠርተው ወደ «ሲቲ» በሚያስገቡት ሌሎች ዋና ዋና መንገዶች ላይ ቆሙ። እንግዲህ አንድ ሕንፃ በሞላው ጠፍቶ በሩን የጠበቁት ዘንዶዎች የከተማው አርማ ሆነው ቀሩ ማለት ነው።

በዚያው ጊዜ የዩስተን ባቡር ጣቢያ ታላቅ የድንጋይ በርም ተናደ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ዘንድ ልዑካን ቀርበው ቢለምኑም አልተሳካም። ድንጋዩ አብዛኛው ወንዝ ውስጥ ተጣለ። የብረት መዝጊያዎቹ ግን በዮርክ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ይገኛሉ።

ሁለቱ ኪሳራዎች ግን ያለ ፍሬ አልቀሩም። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ባለ ሥልጣኖችም ማመንታት ጀመሩ። በ1967 ዓ.ም. የሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ ተራው በደረሰ ጊዜ ከመፍረስ ይልቅ በከፍተኛ ደረጃ ከሚጠበቁት ሕንፃዎች መዝገብ ገባ። በ1868 ዓ.ም. ዊልያም ባርሎው የሠራው፣ 73 ሜትር ያህል ስፋት ያለመካከለኛ ዓምድ የሚሸፍነው የብረት ጣሪያው ዛሬ ከፓሪስ የሚመጡ ባቡሮችን ይቀበላል። እዚህም ላይ የወሰነው ፊርማ ነበር።

ከጥራጊ ክምር ወደ ሳሎን

አፍራሽ ኩባንያ ድሮ ጌጠኛውንም ተራውንም ብረት በአንድነት ለማቅለጫ ይሸጥ ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን አስቀድሞ መርጦ የሚገዛ አዲስ ዓይነት ነጋዴ ተነሣ። ይህ ነጋዴ ከፈረሰው ቤት በሩን፣ መስኮቱን፣ ምድጃውን፣ የደረጃውን መደገፊያ ሳይሰብር ያወጣል፤ አጽድቶም እንደ ጥንት ዕቃ ይሸጣል።

ገዢዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ የቤቱን የጎደለ አጥር በራሱ በዘመኑ ብረት ሊሞላ ይፈልጋል። ሌላው ጠመዝማዛውን ደረጃ በአትክልቱ ቦታ ያቆመዋል። የፈርን ቅጠልና የእንጆሪ ሐረግ የተቀረጸበት የኮልብሩክዴል አግዳሚ ወንበር በሐራጅ ቤቶች በጣም ይፈለጋል። የሰገነት መከታ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በበራፍ ላይ ተተክሎ የጫማ ጭቃ ይፋቅበት የነበረው ትንሽ ብረት እንኳ ሰብሳቢ አለው።

ከሁሉም ትልቁ ግዢ ምናልባት በጣም ርካሹ ሳይሆን አይቀርም። በኮቨንት ጋርደን ከንጉሣዊው የኦፔራ ቤት አጠገብ በ1860 ዓ.ም. የተሠራ «ፍሎራል ሆል» የተባለ የብረትና የመስታወት አዳራሽ ነበር። በ1990ዎቹ ኦፔራ ቤቱ ሲስፋፋ የአዳራሹ አንድ ፊት ተነቀለ። ከቴምዝ ወንዝ ማዶ የሚገኘው የበሮ ገበያ በ1 ፓውንድ ገዛውና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በራሱ መግቢያ ላይ አቆመው። ለአበባ ገበያ የተሠራው ብረት አሁን ከቺዝና ከአትክልት ሻጮች በላይ ቆሟል። ስለዚህ ገበያተኞቹ ለዕቃው የከፈሉት አንድ ፓውንድ ቢሆንም ዋናው ወጪያቸው እርሱን ማጠብ፣ መጠገንና መትከል ነበር። አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን ሒሳብ ማወቅ አለበት።

እውነተኛውን ከቅጂው መለየት

ገበያ ባለበት ሐሰተኛ ዕቃ አይጠፋም። የቪክቶሪያ ዘመን ብረት ቅጂ በየቦታው ስለሚሠራ ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች የሚከተሉትን ይመለከታሉ።

አንደኛ፣ ማግኔት ይዘው ይሄዳሉ። ብዙው ርካሽ ቅጂ ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ ማግኔት አይዘውም፤ ሲያነሡትም ይቀላል።

ሁለተኛ፣ የጌጡን ጥራት ይመረምራሉ። ብረት ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ ድሮ የእንጨት ምሳሌው አስቀድሞ ጥቂት ተለቅ ተደርጎ ይቀረጽ ነበር። ዛሬ አስመሳዩ አሮጌውን ዕቃ ራሱን አሸዋ ውስጥ ተጭኖ ሲቀዳው ቅጂው ከዋናው ያንሳል፤ የቅጠሉ ጅማትና የአበባው ጠርዝም ይደበዝዛል።

ሦስተኛ፣ ማኅተም ይፈልጋሉ። ከ1842 እስከ 1883 ዓ.ም. የንድፍ መብቱ በመንግሥት የተመዘገበለት ዕቃ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ምልክት ይደረግበት ነበር። በምልክቱ አናት ላይ በክብ ውስጥ ያለው የሮማውያን ቁጥር አንድ «ብረታ ብረት» ማለት ሲሆን፣ በማዕዘኖቹ ያሉት ፊደላትና ቁጥሮች የተመዘገበበትን ቀን፣ ወርና ዓመት ያመለክታሉ። ከ1884 ዓ.ም. ወዲህ አልማዙ ቀርቶ ተራ የምዝገባ ቁጥር ተተካ። ስለዚህ ምልክቱን ማንበብ የሚችል ሰው ንድፉ የተመዘገበበትን ቀን ከብረቱ ላይ ያነበዋል። የማክፋርሌንና የኮልብሩክዴል ኩባንያዎችም ስማቸውን በብረቱ ላይ ያትሙ ነበር።

አራተኛ፣ ቀለሙን ይጠነቀቃሉ። አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ስላለበት ትቢያው ለጤና፣ በተለይም ለሕፃናት አደገኛ ነው። በኃይል በአሸዋ መንፋትም ጌጡን ይበላል። ደግሞም ከብዙ ዓመት ቀለም በታች አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም የነሐስ መልክ ያለው የመጀመሪያ ቀለም ይገኛል። ዛሬ የእንግሊዝ አጥር ሁሉ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ድሮም እንዲሁ የነበረ ይመስለናል፤ ግን አልነበረም።

የተሰረቀው ሕንፃ

እስካሁን የተናገርነው የጥንት ብረትን መውደድ መልካም ነገር መሆኑን ነው። ዳሩ ግን ፍቅር ገንዘብ ሲጨመርበት ወዴት እንደሚሄድም መናገር ይገባል።

በኒው ዮርክ ከተማ ጄምስ ቦጋርደስ የተባለው የብረት ቤት ፈልሳፊ በ1849 ዓ.ም. ያቆመው የንግድ ሕንፃ ነበር። ፊቱ በሙሉ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። በ1971 ዓ.ም. ሰፈሩ ለአዲስ ሥራ ሲጸዳ የከተማው ቅርስ ጠባቂዎች ብረቱን በጥንቃቄ አስነቅለው፣ ሌላ ቦታ እንደገና እስኪተከል ድረስ በአንድ ባዶ ግቢ አስቀመጡት። በ1974 ዓ.ም. ሌቦች መጡና አብዛኛውን እየጫኑ ወስደው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። የቀረው ወደተሻለ መጋዘን ቢዛወርም፣ በ1977 ዓ.ም. ሊጠቀሙበት ሲፈልጉ እርሱም ጠፍቶ ተገኘ። አንድ ሙሉ ሕንፃ ተሰረቀ! ሌባው ያየው ክብደቱን ብቻ ነበር።

በእንግሊዝም የብረታ ብረት ዋጋ በናረ ቁጥር ከመካነ መቃብር በር፣ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ከመናፈሻ አጥር ይሰረቅ ጀመር። በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝና በዌልስ የጸናው ሕግ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ፈቃድ እንዲኖረው፣ የሻጩን ስምና አድራሻ እንዲያረጋግጥ፣ በጥሬ ገንዘብም እንዳይከፍል ያስገድዳል። በመዝገብ ከገባ ሕንፃ ላይ ያለ ፈቃድ ብረት መንቀልም ወንጀል ነው። ስለዚህ ጨዋ ሰብሳቢ ከዋጋው አስቀድሞ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ መልስ ከሌለው ትቶት ይሄዳል። ምክንያቱም ገና ከቆመ ቤት የተነቀለ አጥር ቅርስ ማዳን ሳይሆን ቅርስ ማፍረስ ነው። ብረቱ ክብር የሚያገኘው በቦታው ሲኖር ነው፤ መደብሩ የሙት ልጆች ማሳደጊያ እንጂ የተወለደበት ቤት አይደለም።

ያለ ገንዘብ መሰብሰብ

«ይህ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለርሱ ደግሞ የአንድ ተማሪ ታሪክ አለኝ።

በሎንዶን የእግረኛ መንገዶች ላይ ክብ የብረት ክዳኖች አሉ። የከሰል ሻጭ ጆንያውን ይዞ ቤት ውስጥ ሳይገባ ከመንገድ ላይ ወደ ምድር ቤት ከሰሉን የሚያፈስባቸው ቀዳዳዎች መክደኛ ናቸው። ክብ የሆኑበትም ምክንያት አለ፤ ክብ ክዳን በምንም ጎን ቢዞር በራሱ ቀዳዳ ሊወድቅ አይችልም። እግረኛን እንዳያንሸራትቱ ፊታቸው በኮከብ፣ በአበባና በመስመር ያጌጠ ነው። በ1863 ዓ.ም. ሼፈርድ ቴይለር የተባለ የሕክምና ተማሪ በነዚህ ክዳኖች ተማርኮ በየመንገዱ እየቆመ 150 ያህል ንድፎችን በወረቀት ላይ ገለበጠ። አንድም ክዳን አልነቀለም፤ አንድም ሳንቲም አላወጣም። ሥዕሎቹ በ1929 ዓ.ም. እርሱ ሐኪም ሆኖ ካረጀ በኋላ በመጽሐፍ ታተሙ። ከዚያ ወዲህ ሎንዶን በከሰል ማንደድን ተወች፤ ብዙ ክዳኖችም ጠፉ። የተማሪው ወረቀት ግን ቀረ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በነገርኳቸው በሳምንቱ ያ ከኋላ ወንበር የጠየቀኝ ልጅ ከደብተሩ የተቀደደ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። በእርሳስ የተሣለ የብረት በር ነበር፤ መሐሉ ላይ አበባ፣ ዳርና ዳሩ ላይ የጦር ጫፍ አለበት። «የአያቴ ግቢ በር ነው» አለኝ። «ጥሩ አድርገህ ሥለኸዋል፤ ወስደህ አሳየኝ» ብለው ራሱን ነቀነቀ። በሩ ከሁለት ዓመት በፊት በላሜራ በር ተተክቶ ለቆራሌው በሚዛን ተሽጦ ኖሯል። ልጁ የሣለው ከትዝታው ነው።

ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ተቀበለኝና ለብዙ ጊዜ አየው። «ጋሼ፤ አንድ ነገር ብቻ አላስታውስም። የአበባው ቅጠል አምስት ይሁን ስድስት ጠፍቶብኛል። አያቴንም ጠየቅኋት፤ እርሷም አታስታውስም።»

ሰው አሮጌ ብረት በውድ ለምን ይገዛል ብሎ ለጠየቀኝ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም፤ መልሱንም ያመጣው እርሱ ራሱ ነው።